አሠልጣኙ ተባረረ፣ ደመወዛችንም ዘገየ፤ ልምምድ እናቁም?

ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ድሬ፣ ገንደ ቆሬ ነው። 24 ዓመቴ ነው፤ ተከላካይ ነኝ። የክለቤን ስም አልጽፍልዎትም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሁለት ዓመት ውል ፈርሜ የመጀመሪያው ዓመት አጋማሽ ላይ ነኝ። ቦርዱ የምንወደውን አሠልጣኝ ሳናስበው አሰናበተው። አዲሱ አሠልጣኝ በመጣ በሳምንቱ እኔንና ሁለት ልጆችን “ከተስፋ ቡድኑ ጋር ሥሩ” ብሎ ለየን። ቡድን መሪው ደግሞ ለብቻዬ ጠርቶ “ከፈለግክ መልቀቂያ እንስጥህ” አለኝ። ያለፈው ወር ደመወዝ አልገባም፤ ይኸኛውም ወር ሊያልቅ ነው። ስፈርም ውሉ ላይ ከተጻፈው ሌላ በእጅ ይሰጥሃል የተባልኩት ገንዘብም ነበር፤ እሱን ማን እንደነገረኝ እንኳ የሚያስታውስ ሰው ጠፍቷል።

አምበላችን ሰብስቦን ከሰኞ ጀምሮ ልምምድ ልናቆም ተስማምተናል። አሠልጣኙ ካልተመለሰና ደመወዝ ካልገባ ለእሁዱ ጨዋታ አውቶቡስ ላይ አንወጣም። አንዱ ልጅ ሁሉንም ነገር በቲክቶክ በቀጥታ እናውጣው ይላል። “ኢሳክ እምቢ ብሎ አይደል ሊቨርፑል የገባው?” እየተባባልን ነው። እኔ ግን ፈራሁ። ካልተባበርኩ ከሃዲ እባላለሁ፤ ከተባበርኩ ውሌ ይፈርሳል ብዬ እሰጋለሁ። እናቴና ታናናሾቼ የሚኖሩት በእኔ ደመወዝ ነው። ጓደኞቼ “አቦ ምን ያስፈራሃል!” ይሉኛል። ምን ላድርግ?

ተከላካዩ፣ ከድሬዳዋ

ወንድሜ፣ ሰኞ ጠዋት ልምምድ ግባ። ከተስፋ ቡድኑ ጋር ከሆነም ከተስፋ ቡድኑ ጋር ግባ። ሰዓትህን አክብር፣ ትጥቅህን ልበስ፣ መገኘትህ መመዝገቡን ሳታይ አትውጣ። ማክሰኞም እንዲሁ። ይህን የምልህ ቦርዱ ልክ ነው ብዬ አይደለም። ከጻፍክልኝ ውስጥ ክለቡ በግልጽ ያጠፋበት አንድ ጉዳይ አለ፤ ሊያጠፋ የተቃረበበት ሌላም አለ። ነገር ግን ልምምድ በቀረህበት ቀን የክለቡ ዕዳ ይረሳና የአንተ ጥፋት መጻፍ ይጀምራል። ደመወዝ ያልከፈለ ክለብ የሚመኘውም ይህንኑ ነው።

አራት ነገር በአንድ ላይ አስራችሁ “ጥያቄያችን” ብላችሁታል። መበላሸት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። አንዱ የቦርዱ ሥልጣን ነው፣ አንዱ የአንተ ሐቅ ነው፣ አንዱ እንደ አያያዛቸው የሚታይ ነው፣ አንዱ ደግሞ ወረቀት የሌለው ነገር ነው።

የአሠልጣኙን ላስቀድም፤ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው። የፈረምከው ከክለቡ ጋር እንጂ ከአሠልጣኙ ጋር አይደለም። ማን ያሠልጥን፣ ማን ይምጣ፣ ማን ይሂድ፣ ቡድኑ የት ካምፕ ይግባ የሚለው የክለቡ ውሳኔ ነው። ውሳኔው የቂል ሊሆን ይችላል፤ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ሻይ ቤቱ ሁሉ ሲያማው ሊውል ይችላል። የቂል ውሳኔ ግን ውል ማፍረስ አይደለም። አሠልጣኙም የራሱ ውል አለው፤ ያለ አግባብ ተሰናበትኩ ካለ ካሣውን የሚጠይቅበት መንገድ አለው። እናንተ ስለ እሱ ልምምድ ብታቆሙ እሱ የሚያተርፈው ነገር የለም። እንዲያውም “ተጫዋች አሳምፆ ሄደ” ተብሎ በካሣው ላይ መከራከሪያ ይሆንበታል።

አውቶቡስ አንወጣም ያላችሁት በ2010 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ላይ የሆነውን አስታወሰኝ። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች ኒኮላ አኔልካ አሠልጣኙን ተሳድቧል ተብሎ ከዓለም ዋንጫው በመባረሩ አኩርፈው ልምምድ አንሠራም አሉ። አውቶቡሳቸው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ የተቃውሞ መግለጫቸውን ለጋዜጠኞች ያነበበላቸው ራሱ አሠልጣኙ ሬይሞን ዶሜኔክ ነበር። ዓለም ሳቀ። በኋላ ፌዴሬሽናቸው አኔልካን 18 ጨዋታ፣ አምበሉን ፓትሪስ ኤቭራን 5፣ ፍራንክ ሪቤሪን 3፣ ጄሬሚ ቱላላንን 1 ጨዋታ ቀጣ። ከአኔልካ ቀጥሎ ከባዱ ዱላ ያረፈው በአምበሉ ላይ መሆኑን ለአምበላችሁ ንገረው።

ያ የብሔራዊ ቡድን ነው፣ የእኛ የክለብ ጉዳይ ነው ካላችሁኝ ፒየር ቫን ሆይዶንክን ላምጣ። በ1998 እ.ኤ.አ. ኖቲንግሃም ፎረስት አጥቂ አጣማሪውን ኬቨን ካምቤልን ሸጠበት፤ ቡድኑን እናጠናክራለን የተባለውም አልሆነም። ሆላንዳዊው ተናዶ ወደ ክለቡ አልመለስም አለ። ቅሬታው እውነት ነበረው፤ ክለቡም አስተዋይ ነበር አልልም። ሆኖም ውሉ ያዘው፣ ሌላ ክለብ መሄድ አልቻለም፣ ወር ቆጥሮ በኅዳር ግድም ተመለሰ። ጎል ሲያገባ የቡድን ጓደኞቹ እሱን ትተው ለብቻቸው ደስታቸውን ገለጹ። በዓመቱ መጨረሻ ፎረስት ወረደ። በክለብ ውሳኔ ላይ ልምምድ ያቆመ ተጫዋች ታሪክ ስትፈልግ ብዙ ጊዜ የምታገኘው ይህን ዓይነቱን ነው።

ኢሳክስ? አሌክሳንደር ኢሳክ በ2025 እ.ኤ.አ. ክረምት ለኒውካስል አልጫወትም ብሎ በመስከረም 1 ቀን ሊቨርፑል መግባቱ እውነት ነው። ከልምምድ መቅረቱን አይታችኋል፤ 125 ሚሊዮን ፓውንዱን ግን ከቁጥር አላስገባችሁትም። ውሉ ገና ዓመታት ይቀሩት ስለነበር ኒውካስል እምቢ የማለት ሙሉ መብት ነበረው፤ አልሸጥም ብሎ ቢዘልቅ ኖሮ ልጁ ቤቱ ቁጭ ይል ነበር። የለቀቁት ገንዘቡ ሲመጣና በምትኩ ሌላ አጥቂ ሲያገኙ ነው። ለእናንተ 125 ሚሊዮን ይዞ በር ላይ የቆመ ማነው? ሌላም ያላስተዋላችሁት ነገር አለ፤ ኢሳክ “ቃል ተገብቶልኝ ነበር፣ ፈረሰ” ብሎ በአደባባይ ሲጽፍ ክለቡ የመለሰለት “ትሄዳለህ ብሎ ቃል የገባልህ የክለቡ ኃላፊ የለም” የሚል ነበር። ይህ መልስ አንተ ከጻፍክልኝ የመጨረሻ ጉዳይ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ከአፍሪካም ልጨምርልህ። ግብፃዊው ግብ ጠባቂ ኤሳም ኤል ሃዳሪ በ2008 እ.ኤ.አ. ጋና ላይ የአፍሪካ ዋንጫ ባነሳ ማግሥት ውሉ ሳያልቅ አል አህሊን ጥሎ ስዊዘርላንድ ሲዮን ገባ። ፊፋ አራት ወር አገደው፤ ካሣም ተፈረደበት። የፊፋ ደንብ ለውል አንድ የተከለለ ጊዜ ያስቀምጣል፤ ከ28 ዓመትህ በፊት የፈረምከው ከሆነ ሦስት የውድድር ዓመት ወይም ሦስት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ ሁለት። በዚያ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት ያፈረሰ ተጫዋች ከካሣው ሌላ ቢያንስ አራት ወር እገዳ ይጠብቀዋል። በ2024 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በፈረንሳዊው ተጫዋች በላሳና ዲያራ ጉዳይ ይህን ሥርዓት በከፊል ነቅፎታል። ፍርዱ ግን የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው፤ አንተ 24 ዓመትህ ነው፣ የሁለት ዓመት ውልህም እኩሌታው ላይ አልደረሰም።

አሁን ወደ ደመወዙ። ይኸኛው ያንተ ነው፤ እዚህ ላይ ማንም “ተጫዋች ስለ ክለብ ውሳኔ አያገባውም” ሊልህ አይችልም። ደመወዝ አለመክፈል የክለብ ውሳኔ አይባልም፤ ውል አለማክበር ነው። “በጀት አልተለቀቀም” የሚለውን መልስ እንደምትሰማ አውቃለሁ። አብዛኞቹ ክለቦቻችን በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ስለሚኖሩ ይህ ሰበብ በየዓመቱ ይመጣል። ውልህ ላይ ግን የፈረመው ክለቡ ነው፤ ክለቡ ገንዘቡን ከየትም ያምጣ የእሱ ጣጣ ነው። ገንዘብ አጥሮናል የሚለው መከራከሪያ በፊፋ ዳኞች ዘንድም ሰሚ አያገኝም።

የፊፋ ደንብ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። ክለቡ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ በመክፈያው ቀን ካልከፈለ፣ ተጫዋቹም በጽሑፍ ጠይቆ ቢያንስ 15 ቀን ከሰጠውና አሁንም ካልከፈለ፣ ተጫዋቹ በቂ ምክንያት ይዞ ውሉን ማፍረስ ይችላል። አስተውል፤ ሁለት ወር፣ በጽሑፍ፣ 15 ቀን። አንተ አሁን ያለህ አንድ ወር ነው። ሁለተኛው ወር መክፈያ ቀኑ አልደረሰም፤ ደብዳቤም አልጻፍክም። ስለዚህ በፊፋ መለኪያ እንኳ ገና በሩ ላይ አልደረስክም፤ ሰኞ ልምምድ ብታቆም ውል አፍራሹ አንተ ትሆናለህ።

እዚህ ላይ ብዙ ተጫዋች የሚስተው ነገር አለ። አንተ ኢትዮጵያዊ ነህ፣ ክለቡም ኢትዮጵያዊ ነው፤ ጉዳይህ ፊፋ ዘንድ አይሄድም። ፊፋ የሚያየው ዓለም አቀፍ ገጽታ ያለውን ክርክር ነው። ቡድናችሁ ውስጥ ከጋና ወይም ከዑጋንዳ የመጣ ልጅ ካለ የእሱ መንገድ ሌላ ነው፤ የአንተ በር የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ዲሲፕሊን ኮሚቴ ነው፣ ከዚያም ይግባኝ ሰሚው። ፊፋ የውል መከበርን መሠረታዊ መርሆች እያንዳንዱ ፌዴሬሽን በደንቡ እንዲያስገባ ይጠይቃል፤ የአንተን ቀንና ቁጥር የሚወስነው ግን የአገር ውስጡ ደንብና ውልህ ነው። ከዚህ ጎን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ። አሠሪው መሠረታዊ ግዴታውን በተደጋጋሚ ካልተወጣ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል። “በተደጋጋሚ” ነው ያለው። አንድ ወር ዘገየ ብሎ በዚህ ላይ የሚደገፍ ሰው ጠበቃ ሳያማክር ባይሞክረው ይሻላል።

ስለዚህ ሰኞ ከልምምድ ስትወጣ ደብዳቤ ጻፍ። ረጅም አይሁን፣ ምሬትም አይግባበት። እንዲህ በለው፦ “ከክለቡ ጋር በዚህ ቀን በፈረምነው ውል መሠረት የዚህ ወር ደመወዜ እስከዚህ ቀን ሊከፈለኝ ሲገባ እስካሁን አልተከፈለኝም። ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ። በልምምድም ሆነ በጨዋታ ግዴታዬን እየተወጣሁ መሆኔን አስታውቃለሁ።” ቀን፣ ስም፣ ፊርማ። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተህ መዝገብ ቤት ስጥና ሁለተኛው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስደርግ። አንቀበልም ካሉህ ፖስታ ቤት ሄደህ በሪኮማንዴ ላከው፤ ደረሰኙን እናትህ ዘንድ አስቀምጥ። ከባንክህም ደመወዝ የገባበትንና ያልገባበትን ወር የሚያሳይ ማኅተም ያለበት መግለጫ ውሰድ። ሁለተኛው ወር ካለፈ ሁለቱን ወር ጠቅሰህ ሌላ ደብዳቤ ጻፍ፤ የተሰጠው ቀን ሲያልቅ ፌዴሬሽን ማመልከት ትችላለህ። ኮሚቴው መጀመሪያ የሚጠይቅህ ወረቀት ነው። “ነግሬያቸው ነበር” የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አያስኬድህም።

አምበልህ “ልምምድ ሲቆም ነው ደመወዝ የሚገባው፣ ደብዳቤ ማን ያነባል?” ይልህ ይሆናል። እውነቱን ልናገር፤ በእኛ ሊግ ልምምድ አቁመው በሳምንቱ ደመወዝ የገባላቸው ቡድኖች አሉ። አልክድም። የካሜሩን ተጫዋቾችም በ2014 እ.ኤ.አ. በጉርሻ ክፍያ ተጣልተው ወደ ብራዚል የሚሄደው አውሮፕላን ላይ አንወጣም ብለው ነበር፤ ጉዟቸው ዘግይቶ በመጨረሻ ተስማምተው በረሩ። የእነሱ ጉልበት የዓለም ዋንጫው ቀን መድረሱ ነው፤ ሰዓቱ ለእነሱ ይሠራ ነበር። የእናንተ እሁድ ግን አንድ የሊግ ጨዋታ ናት። ባትሄዱ ፎርፌ ነው፣ ሳትጫወቱ ትሸነፋላችሁ፤ ለቡድኑ ቅጣት ይመጣል፣ ክለቡም ያንን ቅጣት የሚያወራርድበት ሰው መፈለግ ይጀምራል። ደመወዙ ቢገባ እንኳ ስብሰባውን ማን ጠራ፣ ማን ቀድሞ ተናገረ የሚለው ዝርዝር አንድ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ዝርዝሩ የሚወጣው ውል በሚታደስበት ክረምት ነው። ይህ ፍትሕ አይደለም፤ ግን የተጫዋች ሕይወት ከሦስት አራት ፊርማ አይበልጥም፣ አንዱን በዚህ ማጣት ይከብዳል።

የሥራ ማቆም መብትስ? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 አለ። አዋጁ ግን ሥርዓት አበጅቶለታል፤ መጀመሪያ በድርድርና በማስታረቅ መሞከርን፣ የአብላጫ ሠራተኛ ስምምነትን፣ ቀድሞ ማሳወቅን ይጠይቃል። ካምፕ ውስጥ ማታ ተሰብስቦ ለጠዋቱ “አንገባም” መባባል ያንን አያሟላም፤ ከሥራ መቅረት ተብሎ ነው የሚመዘገበው።

ወደ ተስፋ ቡድን መውረድህ እንደሚያም ይገባኛል። ግን ማንም ተጫዋች ቋሚ አሰላለፍ ውስጥ የመግባት መብት በውል አይሰጠውም። ያንተ መብት መመዝገብ፣ ከአሠልጣኝ ጋር መሠልጠን፣ ስትጎዳ መታከም፣ ደመወዝህን ማግኘት ነው። ተስፋ ቡድኑ አሠልጣኝ ካለው፣ ሜዳ ካለው፣ ሕክምና ካለው አዲሱ አሠልጣኝ እዚያ ቢልክህ ብቻውን ጥሰት አይደለም። ከዚያ ካለፈ ግን ሌላ ነው። ብቻህን ሜዳ ዙሪያ ሩጥ ካሉህ፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል አትግባ ካሉህ፣ ከዚያም “መልቀቂያ ውሰድ” የሚለው ጨዋታ ከተደገመ፣ ይህ ውልህን ራስህ እንድታፈርስ የሚደረግ ጫና ነው። የፊፋ ደንብ አንዱ ወገን ሌላውን ውል ለማስፈረስ ወይም ለማስቀየር የሚያደርገውን በደል በቂ ምክንያት ብሎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ማስታወሻ ያዝ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ምን አለ፣ ማን ሰማ። የውድድር ዓመቱ ሲያልቅም አንድ ነገር አስላ። የፊፋ ደንብ ለታወቀ ባለሙያ ተጫዋች በዓመቱ ከክለቡ ይፋዊ ጨዋታዎች ከ10 በመቶ በታች ከተሰለፈ በስፖርታዊ ምክንያት ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል። ክለቡ 30 ጨዋታ ካደረገ ከ3 በታች ማለት ነው። ጊዜው ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ 15 ቀን ብቻ ስለሆነ ብዙዎች ያመልጣቸዋል። የአገር ውስጡ ደንብ ይህን ምን ያህል እንደወሰደው ፌዴሬሽኑን በጽሑፍ ጠይቅ።

መልቀቂያውን በተመለከተ አጥብቄ ልንገርህ። “በራሴ ጥያቄ” የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ላይ እንዳትፈርም። ያን ቀን የቀረው አንድ ዓመት ተኩል ደመወዝህ ይጠፋል፤ የዘገየውም አብሮ ሊሄድ ይችላል። መለያየት ከፈለጋችሁ በስምምነት ውል ማፍረስ የሚባል ነገር አለ፤ ያልተከፈለው ስንት፣ የሚከፈለው ስንት፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ባንክ ተብሎ ይጻፋል፣ ቀድሞ ገንዘቡ ይገባል፣ ከዚያ መልቀቂያ ይሰጣል። ዊንስተን ቦጋርድን ታውቀው ይሆናል። ቼልሲ በ2000 እ.ኤ.አ. አስፈርሞት ወዲያው አልፈልግህም አለው፤ ከወጣቶቹ ጋር እንዲሠለጥን አወረደው። ልጁ እስከ 2004 ድረስ ውሉን ጨርሶ ደመወዙን ተቀብሎ ሄደ። ጋዜጣው ሁሉ ሰደበው፤ በሕግ ግን ማንም ሊነካው አልቻለም። ለእግር ኳስ ሕይወቱ ጥሩ ነበር አልልም፣ ከጎኑም አልቆምም፤ ልምምድ ላይ የተገኘ ሰው ውሉ እንደማይፈርስ ግን ከእሱ የተሻለ ምስክር የለም።

በእጅ ይሰጥሃል ስለተባለው ገንዘብ አጭር ነው መልሴ። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ክለቦች የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ካበጁ ወዲህ በወረቀት ሌላ በቃል ሌላ መስማማት መለመዱን ሁላችንም ሰምተናል። ፌዴሬሽን ያጸደቀው ውል ላይ ያልተጻፈ ገንዘብ ስትጠይቅ ክለቡ ለኢሳክ የተሰጠውን መልስ ነው የሚሰጥህ፤ ቃል የገባልህ ኃላፊ የለም። ከዚያም በላይ ስምምነቱ ከደንቡ ውጭ ከሆነ አንተም ተጠያቂ ልትሆን ትችላለህ። ጠበቃ ሳታማክር ከደመወዙ ደብዳቤ ጋር አትቀላቅለው። በሚቀጥለው ፊርማህ ደግሞ ያልተጻፈውን እንዳልተባለ ቁጠረው።

ቲክቶክ ላይ መውጣቱን ተወው። ሐሳብህን የመግለጽ መብት የለህም እያልኩ አይደለም፤ ደመወዝህ አለመከፈሉን በእርጋታ መናገር እውነት እስከሆነ ድረስ ወንጀል አይደለም። ነገር ግን በቀጥታ ስርጭት አንድ ሰዓት ያወራ ሰው በደመወዝ ጀምሮ የቦርድ ሰብሳቢውን ሚስት ላይ ይደርሳል፤ በርጫ ላይ እንደሚወራ ወሬ ነው፣ መጀመሪያው ከመጨረሻው ጋር አይተዋወቅም። ውልህ ላይ የክለቡን ስም ስለ መጠበቅና የውስጥ ጉዳይን ስላለማውጣት የሚል አንቀጽ መኖሩ አይቀርም፤ ስድብ፣ የሌላ ተጫዋች ደመወዝ፣ የልብስ መቀየሪያ ክፍል ጠብ፣ የጨዋታ ዕቅድ እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ሮናልዶ በ2022 እ.ኤ.አ. ማንቸስተር ዩናይትድን በቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ሲያብጠለጥል በቀናት ውስጥ ውሉ በስምምነት ፈረሰ፤ እሱ የሚሄድበት ነበረው። ከማልያ ሥር ቲሸርት ላይ ጽፈን እናሳያለን ካላችሁም የጨዋታው ሕግ በትጥቅ ላይ የፖለቲካ፣ የሃይማኖትና የግል መልእክት ይከለክላል። ሮቢ ፋውለር በ1997 እ.ኤ.አ. ከሥራ ለተባረሩ የሊቨርፑል ወደብ ሠራተኞች ድጋፉን በቲሸርት አሳይቶ ዩኤፋ 2,000 የስዊዝ ፍራንክ ቀጥቶታል። ያ ቲሸርት ልቤን የነካው ቢሆንም ቅጣቱ አልቀረለትም።

እምቢ ካሉ ተጫዋቾች ሁሉ እኔ የማከብረው ጆርጅ ኢስተምን ነው። የእኛ የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ክለብ የአገሪቱን ሻምፒዮና ያነሳ በነበረበት በዚያው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ውሉ ያለቀ ተጫዋች እንኳ ክለቡ ካልለቀቀው የትም አይሄድም ነበር። ኢስተም የኒውካስል ውሉ እስኪያልቅ ጠበቀ፤ ካለቀ በኋላ በ1960 አልፈርምም አለ። ኳሱን ትቶ ቡሽ ሲሸጥ ወራት ቆየ፤ ኋላ አርሰናል ገዛው። ክሱን ግን አልተወም፤ በ1963 ፍርድ ቤቱ ተጫዋችን ያለ ውል የሚይዘው ሥርዓት ከልክ ያለፈ ገደብ ነው አለለት። ውል ያለቀበት ተጫዋች በነጻ እንዲሄድ የፈቀደው የቤልጂየማዊው ተጫዋች የቦስማን ፍርድ በ1995 የመጣው በዚያው መንገድ ላይ ነው። ኢስተም እምቢ ያለው ውሉን ከጨረሰ በኋላ ነበር።

አሁን የቀረው አምበልህ ነው። ሰኞ ጠዋት ስልክህን ዘግተህ ለብቻህ ሜዳ ብትገኝ በእርግጥ ከሃዲ ነው የሚሉህ። ቅዳሜ ሂድና ፊት ለፊት አናግረው። ልምምድ እንደምትገባ ንገረው፤ ወዲያው ደግሞ ባዶ እጅህን እንዳልመጣህ አሳየው። የደመወዙን ደብዳቤ ለሁሉም ስም ተለዋውጦ እንዲጻፍ አዘጋጅ፤ እያንዳንዱ የራሱን ይፈርም፣ ሁሉም በአንድ ቀን መዝገብ ቤት ይግባ። በአንድ ቀን 20 ደብዳቤ የተቀበለ ሥራ አስኪያጅ ቦርዱን መጥራቱ አይቀርም፤ ልምምድ ግን አንድም ሰው አልቀረም። አምበሉና ሁለት አንጋፋ ተጫዋቾች ከቦርዱ ጋር ስብሰባ ይጠይቁ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ስለ አሠልጣኙም ቅር መሰኘታችሁን እዚያ ይናገሩ፤ መናገር አልተከለከለም፣ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ነው የሚያስጠይቀው። የተጫዋቾች ማኅበሩንም አሳውቁ።

ክለቡ ስለ ተሰበሰባችሁ ብቻ ደመወዝ ቆርጬ እቀጣለሁ ካለ የመተዳደሪያ ደንቡን በጽሑፍ ጠይቁት። ማንችስተር ሲቲ በ2011 እ.ኤ.አ. ካርሎስ ቴቬዝን ሙኒክ ላይ ተቀይሬ አልገባም ብሏል ብሎ የአራት ሳምንት ደመወዝ ሊቀጣው ሲነሳ የተጫዋቾቹ ማኅበር ከሁለት ሳምንት በላይ አይሆንም ብሎ አስቁሞታል። እኛም ጋ አዋጁ ከወር ደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከሲሶ እንዳይበልጥ ገድቧል፤ ለመቁረጥም ሕግ፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የአንተ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የውልህ ቅጂ እጅህ ላይ አለ? በደብዳቤህ ውስጥ የት እንዳለ አልነገርከኝም፤ ብዙ ልጆች ፈርመው ቅጂ ሳይወስዱ ይወጣሉ። ከሌለህ ከክለቡ ጠይቅ፣ እምቢ ካሉህ ፌዴሬሽን የጸደቀው ቅጂ ይኖራል። ሦስት ነገር ፈልግበት፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን፣ የዲሲፕሊን ቅጣት ዝርዝር፣ ውሉ የሚፈርስበት ሁኔታ። “ክለቡ ባመነበት ጊዜ” የሚል ሐረግ ካየህ ስምህንና ማኅተሙን ሸፍነህ ያንን ገጽ በፎቶ ላክልኝ።